እመቤታችን የውኃ አባቱን ጉሮሮ እንደ ጠበቀችው

በዚህ ተአምር ለአደጋ የቀረበው ነገር ቢቈጠር ሦስት ጠብታ ነበረ። ክቡር ደሙ ለምእመናን የሚሰጥባት ዕርፈ መስቀል፣ ያቺ በእጀታዋ መስቀል ያለባት ማንኪያ፣ ከሦስት ጠብታ የሚበልጥ አትይዝምና፤ አንድ ሽማግሌም እነዚህን ሦስት ጠብታዎች ሳያስመልስ ለመዋጥ ሃያ አንድ ቀን ተጨነቀ። ሦስት ጠብታ ጥቂት ነው የምትሉ፣ እስከ መጨረሻው ሳትሰሙ አትፍረዱ። ስሟን የጠራ የማያፍርባት እመቤታችን ማርያም ለዚህ ሰው ያደረገችውን እንነግራችኋለንና ጆሮ ያለው ወደ እኛ ያዘንብል፣ ሳል የያዘውም እስክንጨርስ ይታገሥ።

በላስታ ምድር፣ ቀጭን ውኃ ማርያም በምትባል ደብር አጠገብ፣ አስረስ የሚባል የክርስትና ስሙም ገብረ ማርያም የሆነ ሰው ነበረ። ሥራው የውኃ አባትነት ነበረ፤ ይኸውም ከተራራው ሥር የምትፈልቀውን አንዲት ምንጭ ለአርባ ሁለት አባወራ በተራ ማካፈል ነው። ጊዜውን በጥላ ርዝመት እየለካ፣ የማን ማሳ ጥላው ስንት ጫማ እስኪሆን ድረስ እንደሚጠጣ ያውቅ ነበርና ለዘመዱ ግማሽ ጫማ አይጨምርም፣ ለተጣላውም ግማሽ ጫማ አይቀንስም። ከአባቱ የወረሰው አንድ ዶማ ብቻ ሲሆን በእርሱ ቆፍሮ ሁለት ማሳ አበጀ።

ይህ ሰው ለእመቤታችን ሁለት ስእለት ነበረው። አንደኛው፣ ጎህ ሲቀድ ወደ ምንጩ ከመውረዱ አስቀድሞ በዕድሜዋ ቍጥር ስድሳ አራት ጊዜ ሰላም ይላት ነበር። ሁለተኛው፣ ከአፉ የገባ አንድ ጉንጭ ውኃ ያለ ስሟ እንዳያልፍ ነው፤ ስለዚህ ውኃውን ተጎንጭቶ ሊውጥ ሲል «እመቤቴ» ይልና ስሟና ውኃው በአንድነት እንዲወርዱለት ይወድ ነበር። ልጆች ሲጠጣ ድምፁ እንደ ምንጭ ሲንቦጫቦጭ እየሰሙ ይሥቁበት ነበር፤ እርሱ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት እንዲህ ሲጠጣ አንድም ቀን ትን ብሎት አያውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሚያዝያ በገባ በዐሥረኛው ቀን፣ ውኃውን የገደበውን የሣር ጓል ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ግራ እጁ ከዳው፣ የፊቱም ግራ ጎን ዘመመ፣ ምላሱም ከበደው። ደባስ የሚባል ጎረቤቱ አግኝቶት በትከሻው ተሸክሞ አገባውና ሚስቱ ይታክቱ በዋንጫ ውኃ አቀረበችለት፤ እርሱም እንደ ልማዱ የእመቤታችንን ስም ጠርቶ ዋጠ። ያን ጊዜ ውኃው ወደ ትንፋሹ ገባና በአፉም በአፍንጫውም ተመለሰ፣ ዓይኑም ደም መሰለ፣ ሳሉም አላቆም አለው።

በግ ያረደ ሰው ሁሉ እንዳየው፣ በአንገት ውስጥ ሁለት ቧንቧዎች አብረው ይወርዳሉ፤ አንዱ የእህልና የውኃ፣ ሁለተኛው የትንፋሽ ነው። የሚያስደነግጠው ግን የሁለቱም መግቢያ አንድ ጉሮሮ መሆኑ፣ ያውም የትንፋሹ በር ከፊት ሆኖ እህል በእርሱ ደጃፍ ሳያልፍ ወደ ሆድ የማይወርድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ፈጣሪ በጥበቡ ጠባቂዎችን አቆመ። ሰው ሲውጥ ማንቁርት ወደ ላይ ተነሥታ ከምላስ ሥር ትጠጋለች፣ በላይዋም ትንሽ ክዳን ትደፋለች፣ ከክዳኗ በታችም ድምፅ የሚወጣባቸው ሁለት ቀጫጭን መጋረጃዎች ግጥም ይላሉ፣ ትንፋሽም ለቅጽበት ይቆማል። እህሉ ካለፈ በኋላ በሩ ይከፈትና ትንፋሽ አስቀድሞ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በደጃፉ የቀረ ፍርፋሪ ቢኖር ጠርጎ እንዲያወጣው ነው። ጤነኛ ሰው ይህን ሁሉ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ያደርጋል፤ አንዱንም አይቈጥርም፣ ለአንዱም አያመሰግንም። በአስረስ ጉሮሮ ግን ጠባቂዎቹ ባይሞቱም ዘገዩ፤ ሌባው ከገባ በኋላ እንደሚነቃ ዘበኛ ሆኑ።

ከዚያም የመንደሩ ሰው ሁሉ ስለ ፍቅር መጣ፣ ስለ ፍቅርም አሠቃየው። አንዲት ባልቴት «ጠበል እንደሁ ወደ ሰማይ እያዩ ነው የሚጠጡት፤ ቀና አድርጉት» አለችና ሁለት ሰዎች ትከሻውን ያዙት፣ ሦስተኛው አገጩን ወደ ላይ አነሣው፣ ባልቴቲቱም በቅል አንቆረቆረችለት። ጠበሉ ያለ ከልካይ ወደ ትንፋሹ ወረደና ፊቱ ጠቈረ፣ እግሩም መሬቱን ይደበድብ ጀመር፤ በግንባሩ ደፍተው ጀርባውን እስኪመቱት ድረስ ነፍሱ በጥርሱ ተይዛ ነበረች። ይታክቱ በሰፌድ ላይ ባቄላ እያኖረች ሳሉን ብትቈጥር አርባ ሰባት ሆነ።

ከዚያች ቀን ወዲህ ውኃ የሚሉት ነገር ያስፈራው ጀመር። ዋንጫው ወደ ከንፈሩ ሲቀርብ ፊቱን ያዞራል፤ ጥሙ ግን ይብሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ከአምስት ጉንጭ አንዱ ይመለስ ነበር፣ በሁለተኛው ሳምንት ሦስቱ ተመለሰ፤ ደረቱም እንደ ተጣደ ሽሮ ይንተከተክ ጀመር፣ ማታ ማታም ትኩሳት ይይዘው ነበር።

በእርሱ ፈንታ ውኃ የሚያካፍለው ደባስ ቀልድ የማይለየው ሰው ነበርና ሊጠይቀው ገብቶ «አያ አስረስ፣ ለአርባ ሁለት ሰው ተራ ስትሰጥ ኖረህ የገዛ ጉሮሮህ ተራ ነሣህ?» አለው። አስረስም በጐረነነ ድምፅ «አንተ ደግሞ ትናንት ለአማትህ አንድ ጫማ ጨምረሃል አሉ፤ የታመመው ጉሮሮዬ እንጂ ጆሮዬ አይደለም» ብሎ መለሰለት። ደባስም ሣቀና ከደጅ ወጥቶ አለቀሰ፤ የሰውዬው አንገት ሁለት እጅ ቀጥኖ አይቶ ነበርና።

ይታክቱ ግን አንድ ነገር ታዝባ ነበርና «የኔ ጌታ፣ ዝም ብለህ ብትጠጣስ? እሷ እንደሁ ልብህን ታውቃለች፤ ስሜን አልጠራኸኝም ብላ አትቀየምህም» አለችው።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት አንዲት ጉንጭ ያለ ስሟ አላለፈችም። አሁን ልሞት ስል ላጓድል?»

«አንተ ሰው፣ ስእለትህ እኮ ሊገድልህ ነው!»

«አጓድዬ ከምኖር ሞልቼ ልሙት» አላትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እርሷም ሰፌዱን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

በሚያዝያ ሃያ አንድ፣ በእመቤታችን ቀን፣ የነፍስ አባቱ አባ ኅሩይ መጡና አናዘዙት። ከጨረሰም በኋላ «አባቴ፣ ለልደታ ያቍርቡኝ፤ ከዚያ ወዲያ በምድር የምሰነብት አይመስለኝም» ብሎ ለመናቸው። አባ ኅሩይም «እስኪ በፊቴ ውኃ ጠጣ» አሉት። ጠጣ፤ ስሟንም ጠራ፤ ወዲያውም ትን አለውና ውኃው ከአፉ ተስፈንጥሮ በካህኑ ነጠላ ላይ ተረጨ።

አባ ኅሩይ በነጠላቸው ጫፍ አፉን ጠረጉለት። ከዚያም «ልጄ፣ ይህ ውኃ ስለሆነ በነጠላዬ ጠረግሁት። ደሙ ቢሆን በምን እጠርገዋለሁ? በአንተስ ላይ፣ በእኔስ ላይ ምን ይሆናል?» አሉት። ሁለቱም አለቀሱ። ሲነሡም «በልደታ ዋዜማ፣ ጾሙን ከመያዝህ በፊት እመጣለሁ። ሦስት ጉንጭ ሳያስልህ ከዋጥህ አቈርብሃለሁ፤ አንዲቱ ብትመለስ ግን የንስሐውን ፍትሐት እደግምልሃለሁ እንጂ ከደሙ አላቀርብህም» ብለው ሄዱ።

ዘጠኝ ቀን ቀረው። አስረስ በየቀኑ ሦስት ሦስት ጉንጭ ይሞክር ነበር፣ ይታክቱም ባቄላዋን ታኖር ነበር፤ እስከ ሚያዝያ ሃያ ስምንት ድረስ ሦስቱም የዘለቁለት ጊዜ አልነበረም። በልቡም «እመቤቴ፣ በመጠጣት ስጠራሽ ኖሬ በመጠጣት ከደሙ ትለዪኛለሽን?» ይል ነበር፤ ይህን ማሰቡ ራሱ ኃጢአት ይሆን እያለም ይፈራ ነበር።

ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ ቀን በቀትር «ከመሞቴ በፊት ውኃው የሚከፈልበትን መክፈያ አሳዩኝ» አለና በወሳንሳ ተሸክመው ወስደው በዚያ ካለ የብሳና ዛፍ ጥላ ሥር አኖሩት። የቦታው ነገር እንዲህ ነው፤ ከምንጩ የሚወርደው ውኃ ወደ ገብሱ ማሳ የሚሄደው አንዲት ጠባብ ጉድባ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከዚያችው ጉድባ ደግሞ ወደ ቤተ ልሔሙ የሚወርድ ጎድጓዳ የእግር መንገድ ይጀምራል። ቤተ ልሔም የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ቤት ነውና ዲያቆናቱ ቀኑን ሙሉ በዚያ መንገድ ይመላለሳሉ፤ ስለዚህ ክፍት ይተዋል። ውኃ በሚለቀቅበት ጊዜ ግን የውኃ አባቱ አስቀድሞ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይዘጋዋል፤ ባይዘጋው ውኃው ወርዶ የመሥዋዕቱን ዱቄት ያበላሻልና።

የተሸከሙት ሰዎች ወደ ሥራቸው ሲሄዱ ይታክቱም ልብሱን ልታጥብለት ጥቂት ራቅ ስትል አስረስን ሸለብ አደረገው። በራእይም አንዲት ሴት ከመክፈያው አጠገብ ቆማ አየ፤ ቀሚሷ እንደ ተልባ አበባ ሰማያዊ ነበረ፣ እግሯም በጭቃው ላይ ቆሞ ጭቃ አልነካውም። እርሱም ከባላባት ወገን የሆነች እንግዳ መሰለችው።

«የውኃ አባት፣ ወደ ገብሱ ስትለቅ አስቀድመህ ምን ታደርጋለህ?» አለችው።

«እሜቴ፣ የእግር መንገዱን እዘጋለሁ።»

«ውኃው እየወረደ ሳለ ዲያቆን ከታች መጥቶ ክፈትልኝ ቢልህስ?»

«ጳጳስም ቢሆን አልከፍትም፤ ውኃው ይለፍ፣ ቆይ እለዋለሁ። ካለፈ በኋላ እከፍትለታለሁ።»

«ይቀየምሃልን?»

«ዱቄቱን ስለማተርፍለት ያመሰግነኛል እንጂ ስለ ምን ይቀየማል?»

ያን ጊዜ ፈገግ አለችና «ታዲያ በጉሮሮህ ውኃ ሲያልፍ ስለ ምን በሩን ከፍተህ ትጠራኛለህ? ድምፅህ የሚወጣበት በር እኮ ትንፋሽህ የሚገባበት በር ነው። በጤናህ ጊዜ ጠባቂዎችህ ፈጣኖች ነበሩና ቸኩለው ይዘጉልህ ነበር፤ አሁን ግን ዘግይተዋልና ጊዜ ስጣቸው። እኔ ከደጅ ቆሜ መታገሥ አያቅተኝም» አለችው። ቀርባም በአንድ ጣቷ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አደረገችው፣ በሁለተኛው ጣቷም ማንቁርቱን ነካችውና «እንዲህ አቀርቅር። ትንፋሽህን ያዝ። ዋጥ። ማንቁርትህ ከጣቴ ሥር ተነሥታ ስትመለስ ይሰማሃል፤ ከዚያ በኋላ በሩን ክፈትና ስሜን በሚወጣው ትንፋሽህ ላይ ጫነው፤ በደጃፉ የቀረ ቢኖር ጠርጎ ይወጣል» አለችው። ማን እንደ ሆነች አወቀና ሊሰግድላት ሲል ነቃ፤ ይታክቱ ልብሱን በሣር ላይ ስታሰጣ አየ፣ ሌላ ሰውም አልነበረም።

ደስታው ግን አፍታም አልቆየ፤ ሌላ ፍርሃት ወረሰው። «ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ ስእለቴን ሊያስጥለኝ ይሆን? ሞልቼ ልሙት ስል በመጨረሻዋ ቀን አጓድዬ ልገኝ?» አለ። ስለዚህ ያን ቀን አንዲት ጉንጭ እንኳ ሳይጠጣ ዋለ፣ ከንፈሩም ተሰነጠቀ፤ ለሚስቱም አልነገራትም።

በማግስቱ፣ በዋዜማው፣ አባ ኅሩይ እንደ ቃላቸው መጡ። አስረስም ራእዩን እየተንተባተበ ነገራቸውና «አባቴ፣ ይህ ከማን ነው?» አላቸው። አባ ኅሩይም «ስሜን አትጥራ አለችህ?» ብለው ጠየቁት።

«የለም። ቆይተህ ጥራኝ ነው ያለችኝ።»

«እንግዲያስ አትፍራ። ጠላት ስሟን ያስቀራል እንጂ አያስቆይም። ይልቅ ለሠላሳ ስድስት ዓመት ስሟን በውኃ ስታርስ ኖረሃል፤ አሁን ደረቅ አድርገህ ስጣት» አሉትና ዋንጫውን በገዛ እጃቸው አቀበሉት። ይታክቱ ባቄላዋን ጨብጣ ከምሰሶው ሥር ቆመች።

የመጀመሪያውን ጉንጭ ያዘ። አቀረቀረ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ዋጠ፤ ማንቁርቱም ወደ ላይ ተነሥታ ስትመለስ ተሰማውና «እመቤቴ» ብሎ ተነፈሰ። ሳል አልመጣም። ሁለተኛውን ጉንጭ እንደዚያው አደረገና ዘለቀ። ሦስተኛውን ተጎንጭቶ ገና ሳይውጠው ግን ደባስ ምንም ሳያውቅ ከደጅ ዘው ብሎ «እንደምን ዋላችሁ! አያ አስረስ፣ እንዴት ዋልህ?» አለ። በዚያ አገር ሰላምታ ሳይመልሱ መቅረት ነውር ነውና አፉ ሊከፈት ተሰናዳ፣ ውኃውም ወደ ምላሱ ሥር ተንሸራተተ፣ ይታክቱም ዓይኗን ጨፈነች። አስረስ ግን ድንጋዩን በመንገዱ ላይ እንደሚያደርግ ሆኖ ጉሮሮውን ዘጋ፤ ደባስን በዓይኑ እያየ ዝም አለ።

ደባስም ደንግጦ «ምን በደልሁህ? ዛሬ ደግሞ ሰላምታ ነሣኸኝ? ለአማቴ የጨመርኋትን ጫማ እኮ መልሻለሁ!» አለ።

አስረስ አቀርቅሮ ዋጠ፤ የቀረውንም ዳግመኛ ዋጠ፤ ከዚያም ስሟን ጠርቶ ተነፈሰና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ዋልሁ። አንተ ግን መልሻለሁ ያልኸው ግማሹን ነው» አለው። አባ ኅሩይ እየሣቁ እንባቸው ጺማቸውን አራሰው፤ የይታክቱ ባቄላ ግን እንደ ተጨበጠ ቀረ።

በልደታ ቀን ደግፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን አገቡት። ከሚቈርቡት መካከል ዐሥራ አንደኛ ሆኖ ተሰለፈ፤ ሲቆምም ደረቱ ውስጥ ሳል ይጉረመረም ነበርና ፈራ፣ ራቅ ብሎም ሁለት ጊዜ ሳለና ጉሮሮውን አጠራ። ሥጋውን ተቀበለና ዋጠ። ደሙን የያዘችው ዕርፈ መስቀል ስትቀርብ አንድ ዲያቆን ነጭ መሐረብ ከአገጩ ሥር ዘርግቶ ነበር። አስረስ አስቀድሞ «አሜን» አለና ተቀበለ፣ አገጩንም ዝቅ አደረገ። ያን ጊዜ በዚያ የቆመ ሰው ሁሉ እርሱን እያየ የገዛ ትንፋሹን ያዘ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እስኪባል ድረስ ምንም አልተሰማም። ከዚያም አፉን በነጠላው እንደ ሸፈነ ቀስ ያለ ትንፋሽ ወጣ፣ በትንፋሹም ላይ ስሟ ነበረ። ዲያቆኑ መሐረቡን አጥፎ ለካህኑ አሳየ፤ እንደ ተዘረጋ ነጭ ነበረ። ሕዝቡም በአንድ ቃል እልል አሉ፣ እመቤታችንንም አመሰገኑ፤ አባ ኅሩይም ይህ ነገር ለሚመጣው ትውልድ እንዲነበብ በብራና አስጻፉት።

ለእኛም ለተሰበሰብነው፣ ላነበበው፣ ላስነበበው፣ ቆሞም ተቀምጦም ለሰማው፣ በየጉንጫችን የማናያትን ጥበቃ ታብዛልን፤ በማዕዳችን ላይ ትንታን፣ በአልጋችንም ላይ የደረት ሕመምን ታርቅልን፤ የታመመ ወገናችንን ውኃ ስናጠጣ የምናጣድፍ ሳይሆን የምንታገሥ ታድርገን፤ በመጨረሻዪቱ ቀን ከአፋችን የሚወጣው ትንፋሽ ስሟን የተሸከመ ይሁን፣ አሜን።

ሒሳቡ ሲዘጋ እንዲህ ሆነ። አስረስ ያጣው፦ ከምንጩ እስከ ሰባተኛው ማሳ ይሰማ የነበረው ድምፁ ከሁለተኛው ማሳ አላልፍ አለ፤ ግራ እጁ ጓል ማንሣት አልቻለምና የውኃ አባትነቱ አርባ ሁለቱ አባወራ እንዳያዳላ አስምለውት ለደባስ ተላለፈ፤ እየጠጣ ማውራት ቀረ፤ በአምስት ጉንጭ የሚያልቀው ዋንጫም ሃያ ጉንጭ ፈጀ። ያገኘው፦ ዐሥራ አንድ ዓመት ዕድሜ፤ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ቍርባን፣ ሲደመር ሃያ ሁለት፣ ከመጀመሪያው ጋር ሃያ ሦስት፤ ከእነዚህም አንዲት ጠብታ አልተመለሰችም።